ነጯ አንድ ብር

ከፋብሪካ ሲወጡ ቅባቸው ተሳስቶ መልካቸው የተለየ ሳንቲሞች እሰበስባለሁ፤ ሱስ በሉት። ሞጣ ያሉት ባለሱቅ ወዳጄ ሀጂ ሰይድ ደወሉልኝና፣ «ቢጫ የሚባል የሌለባት፣ ሁለመናዋ ነጭ የሆነች አንድ ብር አግኝቻለሁ፤ ና ውሰድ» አሉኝ። ስንት ዓመት የፈለግኳት ናት። በማግስቱ ከቢቸና ተነስቼ፣ በአውቶቡስ ስንገላታ ውዬ፣ አቧራ ለብሼ ሱቃቸው ደረስኩ። ሀጂ ገና ሳልቀመጥ የምታብረቀርቅ አዲስ ሳንቲም በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቢጫዋ ምንም አልጎደላትም።

«ነጯስ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ደግሜ ሳያት አሳፈረችኝ። ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ብላሽ ሳንቲም ይሰጣል? ደህናዋን መርጬ ለወጥኩልህ።»

መናደዱ ራሱ ደከመኝ። «ታዲያ ያችን የት አደረጓት?»

«ጠዋት ለአንድ ተሳፋሪ መልስ ሰጠኋት፤ ወደ ቢቸና ሲሄድ።»

መንገድ ላይ ሳንተላለፍ አልቀረንም።