ከልብስ ማስጫው ሥር ያለው ብረት

ጉልቤ እያሉ የሚጠሯት ልጅ ግቢው መሃል ከልብስ ማስጫው ሥር ቆማ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ከዚህ ሰፈር ወንድ ይህን ብረት እንደኔ የሚያነሳ ካለ ይምጣ!» አለች። ብረት ያለችው የውሃ ቧንቧ ነው። በአንዱ ጫፍ የቀለም፣ በሌላው የዘይት ቆርቆሮ፣ ሁለቱም ሲሚንቶ ተሞልተው ተተክለውበታል። አነሳችው። ከደረቷ ሳያልፍ በቀለሙ በኩል አዘመመና አክስቷ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ ለሁለት ገመሰው።

«በቃ! ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ይውጣልኝ!» አለች አክስቷ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ።

ጉልቤ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። አሸዋ እየለመነች፣ ቧንቧ እየጎተተች ሁለት ወር የለፋችበት ጅም ነው። ጩኸቱን ሰምተው፣ ዳቦ ይዘው በበሩ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ ጆንያ ተሸካሚ፣ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። ያሉት ይሆናል» አለች አክስት።

«ምኑ ያስፈርዳል? እኔ ልጆች ላሳድግ ብዬ ሠላሳ ዓመት ጆንያ ስሸከም ወገቤን አጣሁ። ይቺ ደግሞ ያነሳችውን መልሳ እዚያው ልታስቀምጥ ትጎብጣለች?»

ጉልቤ ወዲያ ወዲህ እያለች፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ የጎዳዎት አሸካከሙ ነው። በየትኛው ትከሻ ነበር?» አለች።

«በቀኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«በግራ እጄማ ሰው እየገፋሁ መንገድ አስለቅቅ ነበር!»

«ክብደቱን ማን ይመርጥ ነበር?»

«ነጋዴው ነዋ።»

«ደከመኝ ሲሉስ?»

«ማን ሊሰማኝ!»

«እኔ ግን ክብደቱን ራሴ እመርጣለሁ፤ በየሳምንቱ ትንሽ እጨምራለሁ፤ ሲደክመኝ አርፋለሁ። ለመሆኑ ሐኪም ስለ ወገብዎ ምን አለዎት?»

ሽማግሌው ዳቦውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ተንቀሳቀስ አለኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ጉልቤ መቀመጫ ዱካ አምጥታ አስቀመጠቻቸውና አሸዋ የሞላ ትንሽ የወተት ጣሳ አስያዘቻቸው። ግድግዳ ሳይደገፉ አንዴ ተነሡ። ደገሙት። አምስት ሲሞላ፣ «እንዴ!» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ወደ አክስት ዞሩ።

«ተሸንፌያለሁ፤ ይቆይ። ግን ብቻዋን እንዳታነሳ፤ ማስጫውም ወደዚያ ይዛወር። ቆርቆሮዎቹ ደግሞ እኩል አይደሉም፤ የቀለሙ ይተልቃል፤ ሁለቱንም እስከ አፋቸው ስለሞላቻቸው እኩል የሚመዝኑ መስሏታል። እኔም ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ።»

«እርጥብ ልብስ ሳነሳ ወገቤን ለሚይዘኝስ?» አለች አክስት፣ ቁጣዋ በርዶ።

ይህን ጊዜ ጉልቤ ዱካው ላይ ወጣች። «ብረት ማንሳት አጥንት ያጠነክራል፤ ወገብ ያቀናል፤ እንቅልፍ ይሰጣል! ለሴት ነውር የለውም፤ ለሽማግሌም አልረፈደም! እኔ ባልኖር ይህ ሰፈር…» እያለች ዱካው ላይ ተንገዳገደች።

«ልጄ፣» አሏት ጋሼ፣ «አፍሽ ደህና ሠልጥኗል፤ እግርሽ ግን ገና ነው። ነገ በባዶ እጅሽ ቁጭ ብድግ ትጀምሪያለሽ።»