በጉም ውስጥ ዝም ያለው ሞተር

ጠዋቱ ጉም ለብሶ መንገዱ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል። ታክሲያቸው ጋራዥ የገባችባቸው አዛውንት ሹፌር ለባለቤታቸው የሳል መድኃኒት ገዝተው በእግራቸው ሲመለሱ አንዲት መኪና ድምፅ ሳታሰማ አጠገባቸው ቆመች። የምትነዳት የጎረቤታቸው ልጅ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህርቷ ነበረች።

«ጋሼ፣ ይግቡ፤ ወደ ቤት ነኝ።»

አዛውንቱን ሰፈሩ «አባ ማሞቂያ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ታክሲያቸውን በመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ግማሽ ሰዓት ሳያሞቁ ከግቢ ወጥተው አያውቁም። ሰው የገዛ ልማዱን መመርመር ይከብደዋልና፣ ከመስኮቱ ወዲያ የሚሰማውን የባለቤታቸውን ሳል ከጭሱ ጋር አያይዘውት አያውቁም።

ገብተው ጥቂት እንደሄዱ ቀይ መብራት ያዛቸው። ሲሠራ የነበረው ሞተር ጸጥ አለ። አዛውንቱ ዘለው ወረዱና ከኋላ ትከሻቸውን ሰጥተው መግፋት ጀመሩ።

«ጋሼ! ምን ነካዎት?»

«ጠፍታብሻለች እኮ! ማርሽ አስገቢ፣ ልግፋልሽ!»

መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አልተበላሸችም፤ ሥራዋ ነው። ይግቡ፣ መብራቱ ሊለቀን ነው።»

እያጉረመረሙ ገቡ። መኪናዋ ሞተሯ ሳይነሳ ተንሸራተተች፤ ጉሙም በግራ በቀኝ ቀስ እያለ አለፈ። አዛውንቱ በሕልማቸው የሚጓዙ መሰላቸው።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚገፋን?»

«ሁለት ሞተር አላት፤ አሁን የሚገፋን የኤሌክትሪኩ ነው። ፍሬን ስይዝ የጎማው ጉልበት ባትሪ ይሞላል። ስንቆም የቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል፤ ጉልበት ሲያስፈልግ ወይም ባትሪው ሲያንስ ኮምፒዩተሩ ያስነሳዋል።»

«በየመብራቱ? ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ በሳምንት አይቃጠልም?»

«እንደ ታክሲዎ ሞተሪኖ የላትም። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ሞተሩን በደንብ ያሽከረክረዋል፤ ነዳጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ነው የማይንገጫገጨው።»

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ለስለስ ብሎ ተነሳ። አዛውንቱ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ሳይወዱ በግዳቸው ደስ አላቸው። ቢሆንም በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ያልሞቀ ሞተር ይበላላል። ይህን ማንም አያስተምረኝም!»

«ለድሮዎቹ እውነትዎን ነው። አሁን የሚነዷት ታክሲ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃታል፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቢነዷት እየሄደች ትሞቃለች። ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ቆማ የምትተፋው ጭስ የት የሚገባ ይመስልዎታል?»

«የመኝታ ቤታችን መጋረጃ» አሉ አዛውንቱ። «ባለቤቴ በየሳምንቱ ታጥበዋለች፤ በየሳምንቱ ይጠቁራል። እኔ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ነው እላታለሁ።» አፈሩም፣ አዘኑም።

«አላወቁም፣ ጋሼ።»

«አሁን አወቅሁ።»

ታክሲዋ ከጋራዥ ስትመለስ ከአጥሩ ውጭ ማደር ጀመረች። ጠዋት አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ጉዞ፤ ተሳፋሪ ሲጠበቅ ሞተር ጠፋ። ነዳጁ በረከተ፣ ሰፈሩም ጥርት ያለ አየር አገኘ።

በሁለተኛው ወር አንድ ቀን አዛውንቱ ሲነቁ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ሳል የለም። ልባቸው ድንግጥ አለና የእጃቸውን ጀርባ ወደ ባለቤታቸው አፍንጫ አስጠጉ፤ ሞቅ ያለ፣ ያልተቆራረጠ ትንፋሽ ነካቸው።

«ምነው?» አሉ ባለቤታቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ምንም። ተኚ፣ ገና ነው።»