በሰኚ መቀነት ላይ ስላሉት አራት ምልክቶች

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሻሽቱ በዳሳ
ዕድሜ፦ 47
አድራሻ፦ መቱ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
ቃል የተሰጠበት፦ ማክሰኞ ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5፡30 ሰዓት

ዛሬ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ሆስፒታል ሄጄ ሳያት ሰኚ ኦሊ አልነቃችም። ዕድሜዋ 16 ሲሆን በመቱ የአንድ የወጣቶች ቡድን ተወዛዋዥ ናት። እኔ የቡድኑን ልብስ እሰፋለሁ፣ ልጆቹንም አለብሳለሁ። አሠልጣኙ ዲንቃ ነመራ ይባላል።

ዲንቃ ከጥር ወር ጀምሮ በእያንዳንዷ ልጅ መቀነት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። ቋጠሮው እዚያ ካልደረሰ ልጅቷ ያን ቀን አትወዛወዝም፤ ከልምምድ በኋላ የሚታደለውን ዳቦም አታገኝም። በየወሩ ሁለት ጣት ያህል አጥብቦ አዲስ ምልክት ያደርጋል። የሰኚ መቀነት አራት ምልክት አለው፤ ቀለሙ ቢታጠብም አይለቅም። መቀነቱን የማስረው እኔ ነኝ።

የካቲት 24 ቀን ሁሩሙ ላይ ትርኢት ስናሳይ ሰኚ ራሷን ስታ ነበር። እናቷ ወ/ሮ ገለኔ አቤቱታ ጽፈው ወደ ፖሊስ ሊሄዱ ሲሉ፣ የልጅ ስም ፖሊስ ጣቢያ ከሚነሳ በሽማግሌ ይለቅ ብዬ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ዲንቃንና ሁለት ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ገባን። ዲንቃ ልጅቷ ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው አለ፤ የእናቷንም ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ወ/ሮ ገለኔ ወረቀቱን ቀደዱት። ሽማግሌዎቹ ስለ መቀነቱ አያውቁም ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም።

እሑድ ግንቦት 11 ቀን ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ጎሬ ላይ ለትርኢት ልጆቹን ሳለብስ ሰኚ ጠጋ አለችኝ። «እትዬ ሻሽቱ፣ የዛሬን ብቻ ላላ ያርጉልኝ» አለችኝ። አላላሁላት። ዲንቃ ገብቶ ቋጠሮውን አየና «እኔ የቡና ጆንያ መድረክ ላይ አላወጣም» አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ሰኚም አብራ ሳቀች። ቀጥሎ «ወይ አጥብቂው፣ ወይ እኔ ላጥብቀው» አለኝ። እጁ እንዳያርፍባት ብዬ እኔው አጠበቅሁት።

ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ከመድረኩ ጠርዝ ወደ ኋላ ወደቀች። ጭንቅላቷን የድንጋዩ ደረጃ መታት። መቀነቱን የፈታሁላት ወደ መቱ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች እኔ ቤት መጡ። እናቷ ወደ ፖሊስ እንዳይሄዱ እንደ በፊቱ አንቺው ያዢልን አሉኝ። ዛሬ መቀነቱን በፌስታል አድርጌ መጥቻለሁ፤ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ቃሌ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተነቦልኛል። ያየሁትንና ያደረግሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም፤ ከዚህ በፊት የደበቅሁትንም ተናግሬያለሁ።

ከተነበበልኝ በኋላ ያስጨመርኩት፦ በቀሩት አሥራ አንድ ልጆች መቀነት ላይም ምልክቱ አለ። ቡድኑ ዓርብ ጠዋት ለውድድር ወደ ነቀምት ይነሳል። ዲንቃ አብሯቸው ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን የቡድኑ ኮሚቴ ሐሙስ ግንቦት 15 ቀን ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ይወስናል።

የምስክር ፊርማ፦ ሻሽቱ በዳሳ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ጌድዮን ሰይፈ ሚካኤል