ዲበኩሉ ያጣው ክፍል

ክቡር ርዕሰ መምህር አቶ ማስረሻ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ፣ ወንበር ላመላለሳችሁ፣ ወጥ ላማሰላችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠረጴዛው ላይ ውሃና ለስላሳ ብቻ ይቅረብ ስል አንዳንዶቻችሁ «ተሻለች በስተርጅና ጴንጤ ሆነች እንዴ?» ብላችኋል አሉ። አልሆንኩም! ምክንያቴን ግን ልንገራችሁ።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለ እኔ ይኼው ይበቃል። ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ዲበኩሉ ነው።

አዲሶቹ መምህራን አልደረሳችሁበትም። የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ሳቁ ከላቦራቶሪ ተነስቶ መምህራን ማረፊያ ድረስ ይሰማል። ተማሪ ይወደዋል። ደግሞም ይጠጣ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ሲያረፍድ ክፍለ ጊዜውን እንሸፍንለትና «ዲቤ፣ ትናንት የት አመሸህ?» እያልን እንስቃለን። እሱም አብሮን ይስቃል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳቅ የለም።

«እትዬ፣ ማቆም አቃተኝ» አለኝ።

«ጠበል ብትሞክርስ?»

«ሞክሬያለሁ። ትንሽ እበረታና እመለስበታለሁ። አሁን የምፈልገው እንደኔ ጠጥቶ ያቆመ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚረዳዱበት ቦታ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። አብረሽኝ ትፈልጊያለሽ?»

ፈለግን። አዳማ ውስጥ መጠጥ ቤት ለማግኘት ማንን መጠየቅ ያስፈልጋል? ማንንም! መጠጥ ለማቆም ግን ስንት በር አንኳኳን! አንዱ «አዲስ አበባ ሂዱ» ይለናል፣ ሌላው «ቆራጥ ሁን» ብሎ ይመክረዋል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ፣ ባቱ ላይ፣ በድሮው ዝዋያችን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሰዎች እንዳሉ ነገረችን። ራሷ ነበረች የምታስተባብራቸው።

በሚኒባስ ሄድን። ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ውጭ ልጠብቅ ስል ጉዲቱ የምትባል ዓሣ ነጋዴ «ዛሬ ቤተሰብም ይገባል፣ ነይ» አለችኝ። እዚያ የተወራ እዚያ ይቀራል። ይህችን የማወራችሁ ዲበኩሉ ያኔ፣ ጉዲቱም አሁን ስለፈቀዱልኝ ነው።

ስልሳ ተማሪ ፊት ያለ ማስታወሻ የሚያስተምር ሰው እንደ አዲስ ተማሪ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሳ። «ዲበኩሉ እባላለሁ። መጠጥ አሸንፎኛል» አለ። ማንም አልሳቀም። ማንም አልመከረውም። ጉዲቱ ብቻ «ባጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። እኛንም አሸንፎን ነበር» አለችው።

ስንመለስ ቆቃን እንዳለፍን «እትዬ፣ እዚያ ቤት መዋሸት አላስፈለገኝም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን አላስታጎለም። ፊቱ ጠራ። ሳቁም ተመለሰ። ያን ዓመት አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ እንዳልሸፈናችሁለት ታስታውሳላችሁ?

ምን ያደርጋል! ነርሷ ሌላ ከተማ ተዛወረች፣ ክሊኒኩም ክፍሉን ለሥራ ፈለገው። ሰዎቹ ተበተኑ። ዲበኩሉ «እዚሁ አዳማ እንጀምረው» ብሎ ክፍል ፍለጋ ተነሳ። ያነጋገረው ሁሉ ሐሳቡን ያደንቃል። «ግን የሰካራም ስብሰባ ከተባለ ስማችን ይጠፋል» ይለዋል። የእኛም ግቢ ያኔ የመለሰለት ይህንኑ ነው። የዛሬዎቹን ኃላፊዎች አልወቅስም፣ አልነበራችሁም።

ብቻውን ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ መጠጡ ተመለሰ። ከዚያ ጉበቱን ታመመ። ቀበርነው።

ለቅሶው ላይ ጉዲቱ ከባቱ መጣች። ከዲበኩሉ አከራይ ከአቶ አብዱልሃኪም አጠገብ ተቀምጣ ክፍል ፍለጋ እንዴት እንደተንከራተተ ስታወራ ሰውየው ደንግጦ አዳመጣት።

«አንድ ግቢ እየኖርን? አንዴ ቢነግረኝ ሳሎኔን እለቅለት አልነበር?» አለና አለቀሰ። ቀጥሎም «እሱ የኖረበትን ክፍል ለሌላ አላከራየውም። ተሰብሰቡበት» አለን።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ከተማውን ስንዞር ግድግዳ የሚጋራውን ሰው ሳንጠይቅ ቀረን። እሱ አፍሮ ደበቀ። እኔም እንዳላሳፍረው ብዬ አብሬው ደበቅኩ። የጎደለን እኮ አንድ ክፍልና ጥቂት ወንበር ነበር! የተገኘው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ጉዲቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባቱ እየመጣች ታስተባብራለች፣ እኔ ክፍሉን እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ሰዎች ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹም ድነዋል። ደስ ሲለኝ ወዲያው እሱ ትዝ ይለኝና ደስታዬ ይሰበራል።

ከዚህ አዳራሽም የሚመጣ አለ። እባካችሁ አትተያዩ። ማን እንደሆነ ከእኔ አፍ አይወጣም። መምጣት ፈልጎ የተቸገረ ካለ ደግሞ ስልኬን ያውቃል። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። «እትዬ፣ ቅዳሜ ይመችሻል?» ማለት ይበቃል።

በሉ እንግዲህ። በክፉም በደግም አብራችሁኝ ኖራችኋል፣ የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ። ጭንቅ ሲመጣ የምትነግሩት ሰው አያሳጣችሁ፣ የሚነግራችሁ ሲመጣም የምትሰሙበት ጊዜ ይስጣችሁ። ሰላም ሁኑልኝ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ።