በጥይት ሙከራው አራተኛ ተኩስ ላይ የተሰጠ ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ ክብሪት (በሰፈርም በሥራ ቦታም የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 17
የትምህርት ደረጃ፦ ከ9ኛ ክፍል ያቋረጠች
ሥራ፦ በአባቷ የጠመንጃ ጥገና ሱቅ
አድራሻ፦ ከጡብ መሥሪያው ጎን፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
አብረው የተገኙ፦ የምስክሯ እናት

ቃሌን የምሰጠው ተጠርቼ ሳይሆን ራሴ መጥቼ ነው። አባቴ ከረቡዕ ጀምሮ እዚህ ጣቢያ ታስሯል። ጎረቤታችን ጡብ ሠሪው ጭናቸውን በጥይት ተመትተው ሆስፒታል ተኝተዋል። አባቴ ለፖሊስ የሰጠው ቃል አንድ ቦታ ላይ ውሸት አለበት። እሱን ላስተካክል ነው የመጣሁት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ በጠረጴዛው ሥር እግሬን እየረገጠችኝ ነው፤ ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሁለት ደንበኞች ወደ ሱቃችን መጡ። አንደኛው የጥበቃ ድርጅት ኃላፊ ናቸው፤ ለዘበኞቻቸው ሽጉጥ የሚሆን ጥይት አስሞክረው ሊመርጡ ነበር። ሁለተኛው ፈቃድ ያለው አዳኝ ነው። ዘጠኝ ጎሽ ገድያለሁ ስለሚል ሰው ሁሉ ዘጠኝ ጎሽ ይለዋል። እኔ እስከማውቀው ስምንቱ የሞቱት በወሬ ነው። መርማሪው «ትልቅ ሰው ናቸው፣ አንቱ በያቸው» ብለውኛል። እስከ ረቡዕ አንቱ እለው ነበር። አሁን አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

ጥይት የምንሞክረው ከሱቁ ጀርባ ባለው ባዶ ግቢ ነው። አሮጌ ጋዜጣ ማታ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፤ ጠዋት አጥልዬ አራት ሳጥን ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። የራሰ ወረቀት ሥጋ ባይሆንም ጥይቱ ምን ያህል እንደሚዘልቅና ጫፉ ይከፈት አይከፈት እንደሆነ ያሳያል። ሌባ ራቁቱን ስለማይመጣ ከሳጥኖቹ ፊት አራት እጥፍ አሮጌ ጂንስ እንሰቅላለን። ከሳጥኖቹ ኋላ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ የአፈር ክምር አለ፤ ከአፈሩ ጀርባ ጡብ ሠሪዎቹ የሚመላለሱበት ቀጭን መንገድ አለ። ምሰሶው ላይ ቀይ ጨርቅ ከተሰቀለ ማንም መሣሪያ አይነካም። ጨርቁን የማወርደው እኔ ነኝ። ከማውረዴ በፊት ግን በአጥሩ ክፍተት ወጥቼ መንገዱን ግራና ቀኝ አይቼ መመለስ አለብኝ፤ በእያንዳንዱ ተኩስ። አባቴ ሲያስተምረኝ «መቶ ጊዜ ባዶ ብታገኚው መቶ አንደኛውን ሂጂና እዪው» ብሎኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተኩሶች አባቴ በሽጉጥ ተኮሰ። ሦስቱንም ጊዜ መንገዱን አይቻለሁ። አንደኛው ተራ ጥይት አራቱንም ሳጥን በስቶ አፈሩ ውስጥ ገባ። አባቴ ኃላፊውን «ይሄ ሌባውንም፣ ግድግዳውንም፣ ከግድግዳው ወዲያ የተኛውን ጎረቤትም ነው የሚያገኘው» አላቸው። ሁለተኛው ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት ነው፤ ያለ ጂንስ ተተኩሶ እንደ አበባ ተከፍቶ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ቆመ። ሦስተኛው ያው ዓይነት ጥይት በጂንስ ላይ ተተኮሰ። ቀዳዳው በጨርቅ ተጠቀጠቀና ሳይከፈት እስከ አራተኛው ሳጥን ሄደ። ኃላፊው ማሸጊያውን አገላብጠው «ይከፈታል ይላል እኮ» ሲሉ አባቴ «ማሸጊያው ጂንስ አልለበሰማ» አላቸው።

ዘጠኝ ጎሽ ይህን ሁሉ ሲያይ ትዕግሥቱ አለቀ። «ይሄ ልብስ ስፌት ነው እንጂ ተኩስ ነው? የእኔ ጥይት ለጎሽም ለሌባም አንድ ነው» አለ። አባቴ «ጋሼ፣ የጎሽ ትከሻ አጥንት ነው፣ ዘልቆ የሚሄድ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ግን የሚዘልቅ ጥይት መዘዝ ነው» ብሎት ሦስተኛውን ጥይት ከወረቀቱ በጉጠት አውጥቶ ሊለካ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶን ነበር።

እኔ አዲስ ወረቀት ሞልቼ ሳጥኖቹን ስደረድር ዘጠኝ ጎሽ መጥቶ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ባሉት በርሜሎች ላይ አወጣቸው። «ጎሽ ተንበርክኮ አይጠብቅሽም» አለ። ሳጥኖቹ ከአፈሩ ክምር በላይ ሆኑ። «ከአፈሩ በልጧል፣ ይውረድ» አልኩት። ወደ ኃላፊው ዞሮ «ከትምህርት ቤት የተባረረች ጂኦሜትሪ ልታስተምረኝ ነው» አለ። «ማንም አላባረረኝም፤ እኔ ነኝ ትምህርት ቤቱን ያባረርኩት» አልኩት። ኃላፊው ሳቁ። ዘጠኝ ጎሽ መሳቃቸውን አልወደደውም። ይዞት የመጣውን ጠመንጃ አንሥቶ ከኪሱ ያወጣውን የራሱን ድፍን፣ ጫፉ የማይከፈት ጥይት አጎረሰና «ሚጢጢ፣ ባሩድ ካስፈራሽ ጨርቁን ለአባትሽ ስጪና ገብተሽ ድስትሽን አማስዪ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ወሬህ እንጂ ጥይትህ ሳጥን አይመታም» አልኩት። ከዚያ ገመዱን ፈትቼ ጨርቁን አወረድኩና «ይኸው፣ ተኩስ» አልኩት። መንገዱን ሄጄ አላየሁም። ሳጥኖቹ ከአፈሩ በላይ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ አንድ ደቂቃ በፊት በገዛ አፌ ተናግሬዋለሁ።

አባቴ የገመዱን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለና «አቁሙ» አለ። ጥይቱ ቀደመው። አራቱንም ሳጥን በስቶ ወደ ታች አዘነበለና የአፈሩን አናት ጭሮ አለፈ። ከአፈሩ ወዲያ ጡብ ሲወድቅ ሰማሁ። ጡብ ሠሪው አልጮኹም። «ምነው ልጆች» ነው ያሉት። አባቴ አጥሩን ጥሶ ሮጠና ጭናቸውን በቀበቶው አሰረው። ዘጠኝ ጎሽ ጠመንጃውን አስቀምጦ ለኃላፊው «ተኩስ ተብዬ ነው የተኮስኩት» ይል ነበር። በዚያን ቀን ከአፉ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነው።

ፖሊስ ከመድረሱ በፊት አባቴ እጁን ከቁስሉ ላይ ሳያነሣ «ጨርቁን ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ሰማሽ?» አለኝ። «አባዬ» ስለው «ሰማሽ ወይ ነው ያልኩሽ» አለ። ሰማሁ አልኩት። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እናቴም «እሱ ጠበቃ ይዞ ይወጣል፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ብላ አፌን አስዘጋችኝ። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ የልጅ ዕዳ ለአባት ሲባል ግን አልሰማሁም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ጡብ ሠሪው ስለ እግራቸው አላወሩኝም። «አሥራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ ጡብ ተሸክሜ የሄድኩት አባትሽን አምኜ ነው። መንገዱን ሳያይ ጨርቅ የሚያወርድ ሰው አይመስለኝም ነበር» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። መልሴ ይህ ነው፤ እሳቸውም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

መርማሪው «ይህን የምትዪው አባትሽን ለማስፈታት አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ለማስፈታት ብዬ ብዋሽ ኖሮ ጨርቁን ያወረደው ዘጠኝ ጎሽ ነው እል ነበር፤ ቤተሰቡ በሙሉ ደስ ይለው ነበር።

ቃሌን ራሴ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «በስህተት አወረድኩ» ተብሎ የተጻፈው ተሰርዞ «ተናድጄ፣ መንገዱን ሳላይ አወረድኩ» በሚል ተተክቷል፤ ስርዙ ላይ እኔና መርማሪው ፈርመናል። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ነው፤ ፍርድ ቤት ቀርቤም አባቴ ፊት እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የእናት ፊርማ፦ ከ4፡05 እስከ 4፡50 ሰዓት «አልፈርምም» ብለው ከተቀመጡ በኋላ ፈርመዋል