የጽጌ ሌሊቶችና የሣህሉ እንቅልፍ

ያን ቅዳሜ እንደ ወትሮዬ ማልጄ ተነሣሁ። ግቢዬን ጠረግሁ፤ ከበርሜሉ ውኃ ቀድቼ ተጣጠብሁ፤ የማስተምርበት ኮሌጅ ዝግ ስለ ነበር ዘንቢሌን ይዤ ዓሣ ልገዛ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። ዘመኑ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነው። ዓሣ አጥማጆቹ የደንገል ታንኳቸውን ወደ ደረቅ እየጎተቱ ስለ ነፋሱ ያወራሉ። አንድ ቆሮሶ መርጬ ልመለስ ስል ከአንዲት ታንኳ ላይ የተቀመጠ ወጣት ጮኸብኝ።

«እትዬ አገርነሽ! ያ ዓሣ ቅኔ ቆጥሯል፤ እንዳይበሉት!»

ሣህሉ ነው፤ የሹም አቦ ሰፈር ጎረቤታችን የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ልጅ። አጠገቡ አባቱ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። ዐይናቸው ቀልቷል።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«ወደ ደሴቱ፣ ጠበል ላስጠምቀው። ሰሞኑን ዐይኑን አልከደነም። ትናንት ከሰዓት እላፊ በኋላ ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ጥበቃዎቹን ‹ጣናን አንድ ፎቅ ከፍ አደርጋታለሁና መሰላል አምጡ› አላቸው። ሊቀ መንበሩ የድሮ ተማሪዬ ባይሆን ዛሬ የሚያድረው እስር ቤት ነበር። ሁለተኛ ግን አልችልም ብሎኛል።»

«መሰላሉን ከልክለውኝ እኮ ነው!» አለ ሣህሉ። «አብዮት ይሉና መሰላል ይነፍጋሉ!»

«ዝም በል አንተ!» አሉት አባቱ፣ ዙሪያቸውን ቃኝተው።

ባለፈው ዓመት ሣህሉ እህል ውኃ እንቢ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ወስደውት፣ የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት አዝዞለት፣ ድኖ መመለሱን አውቃለሁ።

«እንክብሎቹስ?» አልኋቸው።

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አሳዩኝ። «እነዚህን? ባሕሩ መሀል ስደርስ ልጥላቸው ነው። ጠበልና ኪኒን ሁለት ጌታ ነው። ደግሞስ መቼ ፈየደው? የጽጌ ማኅሌት ሲገባ እኔው አስተውሁት። እጁን እያንቀጠቀጠው ጸናጽሉ ከምቱ ይስታል። ሊቃውንቱ መሀል እንዲህ ያለ ጸናጽል ይዞ ይቁም?»

«ከተወው በኋላስ?»

ፊታቸው በራ። «ከዚያማ ድምፁ ተከፈተ! በማኅሌቱ ከእሱ በፊት የሚገባ፣ ከእሱ በኋላ የሚወጣ ጠፋ። ቅኔው ይዘንብ ጀመር። ጸጋ ወረደለት አልሁ።»

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። እኛ በሽተኛ የምንለው የተኛውን ነው። የሚዘምረውን፣ የሚስቀውን፣ እንግዳ አቅፎ የሚገባውን ማን ታመመ ይለዋል? የአንዱን ሕመም ግማሹን ደዌ፣ ግማሹን በረከት እንለዋለን።

«የኔታ፣ ያ ደስታ የሕመሙ ሌላ ፊት ቢሆንስ?»

«ደስታ በሽታ ነው ልትይኝ ነው?» ተቆጡ። «ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ሲወጋው አልተሰማውም። አንቺ ብትኖሪ ኪኒን ትሰጪው ነበራ!»

ሣህሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልሁ።

«አልሰጠውም። የያሬድ ዜማ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። የሣህሉን ቅኔ ግን እርስዎ መምህሩ ይንገሩኝ፤ ሰሞኑን የሚቀኘውም እንደ መጀመሪያው ነው?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የመጀመሪያዎቹ ማር ነበሩ» አሉ። «ከዚያ ምሥጢሩ ሳይቋጭ ሌላ ይጀምራል። አሁንማ ቤቱም አይመታም።»

«ሰፈሩ የሚያወራውስ፣ ሰሞኑን ጋቢውን ለመንገደኛ ሰጥቶ በብርድ የወጣው?»

«እሱም ጽድቅ መስሎኝ ነበር።» ድምፃቸው ቀነሰ። «የእናቱም ወንድም እንዲሁ ነበር፤ አንዴ እሳት፣ አንዴ አመድ። ዛር ነው ይሉት ነበር።»

«ሕመሙን ያጠኑትም በቤተሰብ እንደሚወርድ ጽፈዋል። የማንም ኃጢአት፣ የማንም ድግምት አይደለም። መድኃኒቱ ምን እንደ ሆነ ነግረዎታል?»

«ጨው ነው አለኝ ሐኪሙ። ያሾፈብኝ መሰለኝ።»

«አላሾፈም። ሊቲየም የሚባል፣ ከድንጋይ የሚገኝ ጨው ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የአውስትራሊያ ሐኪም እንዲህ ላለው ሕመም ሞከረው፤ ለሕሙማኑ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ቀምሶታል ይባላል። በኋላ ዴንማርክ ውስጥ፣ ሲወስዱት የቆዩትን ከሁለት ከፈሏቸው። ለግማሾቹ መድኃኒቱን ቀጠሉላቸው፤ ለቀሩት መልኩ አንድ የሆነ ባዶ እንክብል ሰጧቸው። ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ሕሙማኑም የሚያዩዋቸው ሐኪሞችም አያውቁም ነበር።»

«ይህማ ማታለል ነው!»

«እኔም ሳነብ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን ሰው የተመኘውን ያያል፤ ሐኪምም ሰው ነው። ምኞታቸው እንዳያታልላቸው ነው ያን ያደረጉት። በጥናቱ ወራት ባዶውን ከወሰዱት ከግማሽ የሚበልጡት እንደ ገና ታመሙ። መድኃኒቱን ከቀጠሉት አንድም አልታመመም።»

መሪጌታ ቋጠሮውን እንደ አዲስ ያዩት ጀመር። «የድንጋይ ጨው ከሆነ ምንጭ ውስጥም ይገኛላ? እንግዲያ ጠበሉም...»

«በአንዳንድ ምንጭ ይገኛል። የእኛን ጠበል ግን የመረመረው የለም፤ የማላውቀውን አልነግርዎትም። ጠበሉ በእምነትዎ ይቆማል፤ የእኔን ጨው ምስክር አይፈልግም።»

«አባባ፣ ይህችን ሴት ጉባኤ ቤት ያስገቧት!» አለ ሣህሉ።

«የኔታ!» ባለ ታንኳው ቢያዝን ተጣራ። «ነፋሱ ሊነሣ ነው፤ እናንተ ሙግት ገጥማችኋል!»

«ትንሽ ቆይ» አልሁና ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅሁ። «የመጀመሪያው ሕመም መቼ ነበር የጀመረው?»

መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ቀን አይረሱም። «ካቻምና በበዓለ ጽዮን ሰሞን፤ ጽጌ እንደ ወጣ።»

«ሁለተኛውስ?»

«አምና፣ ከትንሣኤ ማግሥት። ሰሙነ ሕማማትን ሲሰግድና ሌሊቱን ሲያነብ ሰንብቶ።»

«አሁንስ?»

ጣታቸውን በጣታቸው ላይ ሲያሳርፉ አየሁ፤ በዓልና ጾም ሲያወጡ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

«አንቺ!» አሉ። «ይህ ነገር ቀመር አለው እኮ! ሁልጊዜም እንቅልፍ ካጣ በኋላ ነው!»

«ለዚህ ሕመም እንቅልፍ ማጣት እንደ ክብሪት ነው፤ ማኅሌቱ ግን በደል የለበትም። አጠገቡ የሚቆሙት ሁሉ አድረው ደህና ይውላሉ። የሣህሉ ሰውነት ነው የማይችለው።»

ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?» አሉኝ።

«ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ያንኑ የአእምሮ ሐኪም ጠየቅሁት። ያሉትን መጽሔቶች አስነበበኝ።»

«ባልሽ አንዳርጋቸው? እሱ? ገና ሳይነጋ በግቢያችሁ ሲያፏጭ እሰማው አልነበር! ምን ያለ ደስተኛ ሰው ነው እል ነበር።»

«ሁላችንም እንዲያ እንል ነበር፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ እስኪያዞር።»

ባሕሩን አየሁ። እሳቸው ቋጠሮውን መልሰው አጠበቁት።

«እኔንስ የሚጠይቅ የለም?» አለ ሣህሉ። ለአፍታ ድምፁ ረጋ። «እትዬ፣ ዳገቱን እወደዋለሁ፤ አልዋሽም። ቁልቁለቱን ግን ሁለተኛ አልችለውም። ያን ግድግዳ ሁለተኛ አታሳዩኝ።»

አባቱ እጃቸውን ዘረጉለት። «ና ውረድ፣ ልጄ። ቢያዝን፣ ሂድ አንተ። ከደሴቱ ስትመለስ ጠበሉን በጀሪካን አምጣልኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ኪኒኑን አሁን ላጉርሰው?»

«በራስዎ ግምት አይሆንም። ያቋረጠውን እንዴት እንደሚጀምር ሐኪም ይወስን፤ መጠኑም በደም ምርመራ ይታያል። የእጁንም መንቀጥቀጥ ይንገሩት፤ መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል። ስለ ጾሙም ይንገሩት። ያለ ውኃ ሲዋል መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይበዛና ይጎዳል።»

«ስለ ጾሙ ለንስሐ አባቱ እኔ እነግራለሁ» አሉ።

ሦስታችንም ወደ ሆስፒታል ሄድን። የከተማችን ሐኪም ከአዲስ አበባው ጋር በስልክ ተማክሮ አስተኛው። ሣህሉ ከብዙ ሌሊት በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። መሪጌታ አልጋው ሥር ተቀምጠው፣ ልጃቸው ሲያንኮራፋ «ይህም ዜማ ነው» አሉኝ።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ሣህሉ እንክብሉን ይወስዳል፣ ጠበሉንም ይጠጣል፤ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። እጁ ጥቂት ይንቀጠቀጣል እንጂ ጸናጽሉ ምቱን አይስትም። ቅኔው እንደ ዝናብ መውረዱ ቀርቷል፤ የጀመረውን ግን ይቋጫል። ቀበሌው ረስቶታል። በሽተኛ ያለባቸው እናቶች መሪጌታ ዘንድ ሲመጡ እሳቸው ቀድመው የሚጠይቁት «እንቅልፉስ?» ብለው ነው።

ዘንድሮም ጽጌ ገብቷል። ሌሊቱን ሌሎች ይቆማሉ፤ ሣህሉ ተኝቶ ያድርና ጎህ ሲቀድ ይገባል። ግቢዬን ስጠርግ ድምፁ ከሩቅ ይሰማኛል። ከዚያ በፊት፣ ገና ሳይነጋ ባለው ሰዓት ግን በግቢዬ የሚያፏጭ ሰው የለም።