ከእናቲቱ የበለጠው ቁጥር

በተራራ ትምህርት ቤት የምታስተምረው ሹቺን ከአሊሻን ተራራ ወርዳ ጂያዪ ባቡር ጣቢያ ስትደርስ በንዴት ጦፋ ነበር። የቀድሞ መምህሯ ቦዌን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሩዝ ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ስታያቸው ደግሞ ባሰባት።

«ሹቺን! ነይ ቁጭ በይ፤ ሩዙ ለሁለት ይበቃል» አሏት።

«ሩዙ ይቅርብኝ መምህር። ያ የእርስዎ ‹ጥድ› ትምህርት ቤታችንን አዘርፎ ቁጭ አለ።»

ጥድ መምህሩ ለተራራው ትምህርት ቤቶች ያዘጋጁት የኮምፒውተር ሲስተም ነው። ከባዶ አልሠሩትም፤ የዓለም በጎ ፈቃደኞች ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገው ከሚሠሩት እናት ሲስተም ወስደው፣ የራሳቸውን ጨመሩበት እንጂ።

«አንድ የተመረዘ ሰነድ ተከፈተና ሌቦች በኮምፒውተሩ ያለውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆለፉት። የተራራው የጾው ብሔረሰብ ሽማግሌዎች ተረት፣ ዘፈን፣ ድምፃቸው ሁሉ ሄደ። ግማሾቹ እኮ ሞተዋል!»

«እናቲቱ ሌቦቹ የገቡበትን ቀዳዳ ደፍናዋለች። ማሻሻያውን ያልጫነ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት!» አለች፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። «ቀዳዳው ላለበት የጽሑፍ ማሳያ ክፍል ከእናቲቱ የሚበልጥ የእትም ቁጥር ሰጡት። ማሽን ደግሞ ትልቅ ቁጥር ያለውን አዲስ ነው ብሎ ያምናል። ማሻሻያው ቢመጣለት፣ እኔ ዘንድ ያለው ይበልጣል ብሎ መለሰው።»

«ሆን ብዬ ነዋ! አለዚያ በመጣች ቁጥር ሥራዬን ትደመስሰዋለች። ከላይ ወደ ታች የሚጻፈውን ጽሑፋችንን አስተካክዬ ለበጎ ፈቃደኞቹ ብልክላቸው፣ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ መፈተኛ ኮድ የለውም ብለው መለሱብኝ። እኔን!»

«መፈተኛውን ጽፎ መላክ ነበራ!»

«ልለምናቸው?»

«ኮዳቸውን ሲወስዱ ያላፈሩ፣ ሲመልሱ ነው ያፈሩት? ያኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። በእርስዎ ኩርፊያ ግን ጾም ያደሩት ልጆቹ ናቸው!»

«አፍሽን ያዢ! ስንት ዓመት ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ!»

«እሱ እኮ ነው የሚያናድደኝ! ማን ብቻዎን ይሸከሙ አለዎት? እናቲቱ በተለወጠች ቁጥር የራስዎን ለውጥ እንደገና በእጅዎ ይለጥፉበታል፤ የሁለቱ ርቀትም እየሰፋ ይሄዳል። ቢሰጧት ኖሮ እሷው ትጠብቅልዎት ነበር። ጃፓኖቹስ ከላይ ወደ ታች ይጽፉ የለ እንዴ? ለእነሱም ይጠቅማቸው ነበር።»

መለየት ነውር አይደለም፤ ለልጆቹ ሲባል መለየት አንዳንዴ ግድ ይላል። ከኩርፊያ የመጣ መለያየት ግን ቤት ያፈርሳል።

መምህሩ ሩዙን ከደኑት። «ሌሎቹ ትምህርት ቤቶችስ?»

«ያው ቁጥር ነው ያላቸው። ቀዳዳቸውም ክፍት ነው።»

«የእኔን ባወጣው ጽሑፋችን ይበላሻል።»

«ይበላሻ! ጽሑፍ ይጠገናል።»

ከንፈራቸውን ነክሰው ላፕቶፓቸውን አወጡ። የራሳቸውን ሥራ አንስተው የእናቲቱን የተደፈነ ኮድ አስገቡ፤ ማሽኖቹ እንዲቀበሉት ከበፊቱም የሚበልጥ ቁጥር ሰጥተው ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ላኩት። ባቡራቸው መጥቶ ሄደ፤ ቀና ብለውም አላዩትም።

ሰንብተው መፈተኛውን ጽፈው ሥራቸውን ለእናቲቱ ላኩ። ተቀበለቻቸው፤ ማሽኖቹም ከእንግዲህ የእናቲቱን ቁጥር ብቻ እንዲከተሉ አደረጉ። ዛሬ ቀዳዳ ሲደፈን የተራራው ልጆች ወዲያው ይደርሳቸዋል፤ መምህሩ ቢታመሙም ሥራው አይቆምም፤ ጽሑፉንም ስማቸውን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ይጠብቁታል። አንድ ሰው በእልህ ያልቻለው፣ በመስጠት ቀለለ።

ሥራቸውን በላኩበት ሰሞን መምህሩ ወደተዘረፈው ትምህርት ቤት ወጥተው ልጆቹ ፊት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። አንዲት ልጅ ተነስታ፣ «የአያቴን ድምፅስ?» አለቻቸው። «እሱን መመለስ አልችልም» ብለው እንደገና ጎንበስ አሉ። ሹቺን መምህሩን ልታጽናና አሰበች፤ ንዴቷ ገና አልበረደላትም ነበርና ተወችው።